የነገውን ዕቃ ዛሬ ማታ መገመት፦ ለአነስተኛ የዴሊቨሪ ድርጅት የስምሪት አሠራር

የዴሊቨሪ ቢሮ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሁለት ዓይነት ራስ ምታት አለበት። አንደኛው ዕቃ ተከምሮ ሞተረኛ ሲጠፋ ነው። ይሄኛው ለሁሉም ይታያል፤ ስልክ ይጮኻል፣ ባለሱቅ ይቆጣል። ሁለተኛው ሞተረኛ ተሰልፎ ዕቃ ሲጠፋ ነው። ለዚህኛው ማንም አይደውልም። ግን በዕቃ ቁጥር የሚከፈለው ልጅ ነዳጅ ሞልቶ መጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከደረሰበት በቀጣዩ ስትደውሉለት አያነሳም። በዓል ሲመጣ ደግሞ የመጀመሪያው ራስ ምታት ተመልሶ ይመጣል።

ይህ መመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ከአምስት እስከ ሃያ ሞተረኛ ይዘው ለቴሌግራምና ለቲክቶክ ሻጮች፣ ለልብስና ለኮስሞቲክስ ሱቆች ዕቃ ለሚያደርሱ ድርጅቶች ነው። ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግም። አንድ ጉግል ሺት ወይም ኤክሴል፣ አንድ የስምሪት ኃላፊ እና በየማታው ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ከታች የምጠቀምባቸው የዕቃና የደቂቃ ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተቀመጡ ናቸው። የራሳችሁን ተክታችሁ ሥሩት።

አንድ ነገር ከመነሻው ያዙ። ዋናው ጥያቄ «ነገ ስንት ዕቃ አለ?» የሚለው ይመስላል። ለስምሪት የሚያስፈልገው መልስ ግን «ነገ ስንት የሞተረኛ ሰዓት ያስፈልጋል?» ለሚለው ነው። ዕቃ የምንቆጥረው ወደ ሰዓት ለመቀየር ነው። አያት የሚሄዱ 20 ዕቃዎችና ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የሚያልቁ 20 ዕቃዎች አንድ ሥራ አይደሉም።

1. ምን እንደምትቆጥሩ ወስኑ

ብዙ ቢሮ ውስጥ «ትናንት ስንት ነበር?» ስትሉ ሦስት ሰው ሦስት ቁጥር ይነግራችኋል። አንዱ ትዕዛዝ ቆጥሮ ነው፣ አንዱ ዕቃ፣ ሌላው የደረሰውን ብቻ። ስለዚህ ሁለት ቁጥር ለይታችሁ ያዙ። ዕቃ ማለት አንድ የታሸገ ነገር ነው። ማድረሻ ማለት ሞተረኛው የሚቆምበት አንድ በር ነው። አንዲት ደንበኛ ከሁለት ሱቅ ጫማና ሽቶ ካዘዘች ዕቃው ሁለት፣ ማድረሻው አንድ ነው። ለግምት ዕቃ ቁጠሩ፣ ለሞተረኛ ክፍፍል ማድረሻ ቁጠሩ።

ቀኑም ግልጽ ይሁን። የምትመዘግቡት ዕቃው የደረሰበትን ቀን ሳይሆን እንዲደርስ የተጠየቀበትን ቀን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማክሰኞ 130 ዕቃ ተጠይቆ ሞተረኛ ስላነሰ 100 ብቻ ቢደርስ፣ መዝገቡ 130 ማለት አለበት። 100 ብላችሁ ከጻፋችሁ በሚቀጥለው ሳምንት 100 ትገምታላችሁ፣ ለ100 የሚሆን ሰው ትጠራላችሁ፣ ደግማችሁ 100 ታደርሳላችሁ። የደንበኛውን ፍላጎት ትታችሁ የራሳችሁን አቅም መገመት ጀመራችሁ ማለት ነው። ከውጭ ሲያዩት ግን ግምቱ በየሳምንቱ «ትክክል» ይመስላል።

ሺቱ ላይ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር ይኑር፦ ቀን በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር፣ የሳምንቱ ቀን፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ በእጅ ያለ ዕቃ፣ በመጨረሻ የሆነው ዕቃ፣ ማድረሻ፣ ከትናንት የዞረ፣ የደረሰ፣ የተመለሰ፣ የሠራ ሞተረኛ ብዛት። በስተመጨረሻ አንድ ሰፊ የማስታወሻ ሳጥን ጨምሩ። «ዝናብ»፣ «መብራት ጠፋ»፣ «የእንትና ሱቅ ላይቭ (በቲክቶክ የቀጥታ ሽያጭ) ነበረው» የሚለው እዚያ ይጻፋል።

ከእነዚህ ውስጥ አንዷን አደራ የምለው የማታ 12 ሰዓቷን ቁጥር ነው። ሌላው ሁሉ በኋላ ከደረሰኝም ከቴሌግራምም ተለቅሞ ሊገኝ ይችላል። ይቺ ግን በሰዓቷ ካልተጻፈች ቀረች። ስልክ ላይ አላርም ሙሉላት።

2. መነሻውን ከተመሳሳይ ቀን ውሰዱ

ሰኞን ከእሑድ፣ ቅዳሜን ከረቡዕ ጋር ቀላቅላችሁ አማካይ አታውጡ። የማክሰኞን ግምት ካለፉት አራት ማክሰኞዎች ውሰዱ። ከአራት በላይ ወደ ኋላ ከሄዳችሁ ድርጅቱ ያኔ የነበረበትን መጠን ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ከአራት ካነሰ ደግሞ አንድ ልዩ ቀን ሙሉውን ያዛባዋል።

ያለፉት አራት ማክሰኞዎች 92፣ 97፣ 61 እና 110 ናቸው እንበል። 61 ምንድን ነው? ማስታወሻውን ስታዩ ሙሉ ቀን መብራትና ኔትወርክ የጠፋበት ቀን ነው። ያን ቀን አውጡትና ከእሱ በፊት የነበረችውን ማክሰኞ፣ 98፣ አስገቡ። የ92፣ የ97፣ የ110 እና የ98 አማካይ 99 ይሆናል። መነሻችሁ ይሄ ነው።

ቀን ለማውጣት ግን ምክንያት ይኑራችሁ። «ቁጥሩ ስላላማረኝ» ምክንያት አይደለም። ማስታወሻው ባዶ ከሆነ ቀኑ ይቆይ።

3. የቀን መቁጠሪያውን ተመልከቱ

እዚህ ላይ እኛ ጋ ሥራው ከሌላው ዓለም ትንሽ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ከተማው በሁለት አቆጣጠር ይኖራል። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በኢትዮጵያ ወር ይሄዳል። ኤንጂኦዎችና ብዙ የግል ድርጅቶች ደግሞ በፈረንጁ ወር መጨረሻ ይከፍላሉ። የፈረንጁ ወር መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር ከ19 እስከ 25 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ሊጨምርባችሁ ይችላል። ደንበኞቻችሁ የትኞቹ እንደሆኑ ከሺታችሁ ታገኙታላችሁ። የፈረንጅ ቀን በሌላ ዓምድ ያስጻፍኳችሁ ለዚህ ነው።

በዓልን ስታሰሉ ቀኑን ትታችሁ ርቀቱን ቁጠሩ። ፋሲካ በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 12 ነበር፣ በ2018 ዓ.ም. ሚያዝያ 4። የ2017ቱን ሚያዝያ 9 ከ2018ቱ ሚያዝያ 9 ጋር ብታነፃፅሩ አንዱ የበዓል ዋዜማ ግርግር ነው፣ ሌላው በዓሉ ያለፈበት ቀን ነው። ትክክለኛው ማነፃፀሪያ «ከፋሲካ 3 ቀን በፊት» የሚለው ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለጥምቀትም እንዲሁ አድርጉ። ከበዓሉ በፊት ያሉት ቀናት ከተራ ቀን ስንት እጥፍ እንደሆኑ ጻፉ። የበዓሉ ማግስትም ይጻፍ፣ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ኢድ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ቀደም እያለ ይመጣል፤ የኢድ አልፈጥር ቀን ደግሞ የሚረጋገጠው በዋዜማው ማታ ጨረቃ ስትታይ ነው። ለዚያ ሁለት ስምሪት አዘጋጁ፣ «ነገ ከሆነ» እና «ከነገ ወዲያ ከሆነ» ብላችሁ።

ከበዓል ውጭም ወቅት አለ። መስከረም ላይ ትምህርት ይከፈታል። በጥር ከጥምቀት በኋላ እና ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ይበዛል፤ ልብስ፣ ጫማ፣ ሜካፕ የሚሸጡ ሱቆችን የምታገለግሉ ከሆነ ይሄ በቀጥታ ይነካችኋል።

ዕቃው ሳይቀንስ አቅማችሁ የሚጠፋበት ቀን ደግሞ አለ። መስከረም 16 ደመራ ሲሆን መስቀል አደባባይ ዙሪያ መንገድ ይዘጋል። ጥር 10 እና 11 ወደ ጃንሜዳ የሚወስዱት እንዲሁ። በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲኖር ሞተር ለቀናት እንዳይንቀሳቀስ የታገደበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሲወጣ ሁለት ነገር አድርጉ። ለባለሱቆች በዚያው ሰዓት አሳውቁ። ከዚያ የታገደውን ቀን ዕቃ በእገዳው ማግስት ላይ ደምሩ። ትዕዛዙ አልጠፋም፣ ተጠራቅሞ ይጠብቃችኋል።

ዝናብስ? ሐምሌና ነሐሴ ላይ የዕቃውን ቁጥር በግምት አትቀንሱ። ዝናብ ጉዳቱ ሰዓት ላይ ነው። ሞተረኛው ቀስ ብሎ ይነዳል፣ መጠለያ ስር ይቆማል። ስለዚህ ዝናብን ስድስተኛው ደረጃ ላይ፣ ከደቂቃው ጋር ታሰሉታላችሁ።

4. ማታ በእጅ ያለውን እመኑ፣ ግን መጀመሪያ ፈትሹት

የዚህ ሁሉ አሠራር ልቡ እዚህ ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ለነገ የገባ ዕቃ በመጨረሻ ከሚሆነው ውስጥ ስንት እጅ ነው? ባለፉት ማክሰኞዎች ዋዜማ በእጅ የነበረው 55፣ 58፣ 66 እና 59 ነበር እንበል። የመጨረሻው 92፣ 97፣ 110 እና 98። ስታካፍሉት ሁሉም ወደ 60 በመቶ ይጠጋል። ማለትም ከመጨረሻው ቁጥር ውስጥ ቀሪው 40 በመቶ ሌሊትና ጠዋት ይጨመራል።

ዛሬ ማታ በእጅ ያለው 75 ነው። 75 ሲካፈል ለ0.6፣ 125 ይመጣል። መነሻው ግን 99 ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይደነግጥና ሁለት ሞተረኛ ይጨምራል። ቆይ። 75ቱ ከየት መጣ? ሺቱን በሱቅ ስትለዩት አንድ ሻጭ ትናንት ላይቭ አድርጎ 20 ዕቃ በአንዴ አስገብቷል። ይህ 20 ሌሊት አይራባም፤ 20 እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ ለብቻው አውጡት። 55 ቀረ። 55 ለ0.6፣ 92 ይሆናል።

አሁን ለተራው ዕቃ ሁለት ግምት አላችሁ፦ በእጅ ካለው 92፣ ከመነሻው 99። በእጅ ላለው ሁለት እጥፍ ክብደት ስጡ፣ ምክንያቱም እሱ ስለ ነገ ራሱ የሚናገር ነው። 92 እና 92 እና 99 ተደምሮ ለሦስት ሲካፈል 94። የላይቩን 20 መልሱ፣ 114። ከዛሬ የዞረ 6 ዕቃ አለ። ጠቅላላ 120።

ላይቭን ቀድሞ ማወቅ ከሁሉም ይሻላል። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ለትልልቆቹ ሻጮች «ዛሬ ማታ ላይቭ አለ? ስንት ትጠብቃላችሁ?» ብላችሁ ቴሌግራም ላኩ። የሚሉትን እንዳለ አትውሰዱ። ሻጭ በተፈጥሮው ተስፈኛ ነው። እያንዳንዱ ያለውንና የመጣውን ጻፉ። 40 ብሎ 24 የሚያመጣ ሻጭ ከሆነ በሚቀጥለው 50 ሲል እናንተ 30 አድርጉት። ለእሱ መንገር አያስፈልግም።

5. አንድ ቁጥር ብቻ ይዛችሁ አትደሩ

120 መካከለኛው ግምት ነው። ነገ 120 ላይሆን ይችላል። ስለዚህ «ቢበዛስ?» የሚለውንም አስሉ። ባለፉት 20 የሥራ ቀናት የሆነውን ለገመታችሁት አካፍሉ። ውጤቶቹን ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሩና አራተኛውን ውሰዱ። 1.12 ከሆነ፣ ከ20 ቀን ውስጥ ከዚህ ያለፉት ሦስት ብቻ ናቸው ማለት ነው። 120 በ1.12 ሲባዛ 134። በ120 ሰው ትጠራላችሁ፣ በ134 ተጠባባቂ ታዘጋጃላችሁ።

ገና የጀመራችሁ ከሆነና 20 ቀን ከሌላችሁ ለጊዜው 20 በመቶ ጨምሩ። መዝገቡ ሲሞላ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት።

6. ዕቃውን ወደ ሰዓት ቀይሩ

መጀመሪያ ወደ ማድረሻ። በእናንተ መዝገብ 100 ዕቃ 90 ማድረሻ የሚሆን ከሆነ፣ 120 ዕቃ 108 ማድረሻ ነው።

ቀጥሎ አንድ ማድረሻ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ማወቅ አለባችሁ። ይህን ከቢሮ ሆኖ መገመት አይቻልም። ጉግል ማፕ የሚነግራችሁ የመንዳቱን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ሰዓቱ የሚሄደው በሌላ ቦታ ነው፦ «ከማደያው ገባ ብለህ ሰማያዊ በር» የሚለውን መፈለግ፣ ደንበኛዋ እስክትወርድ መጠበቅ፣ ልብሱን ለክታ እስክታይ መቆም፣ ብር እስክታስተላልፍ መጠበቅ። የኮሪደር ልማቱ መንገድ የቀየረባቸው ሰፈሮች ደግሞ የድሮው ምልክት እንኳ የለም። ሦስት ሞተረኞች ለሦስት ቀን የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ማድረሻ ሰዓት እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። በመካከሉ ያለውን ደቂቃ በማድረሻ ብዛት አካፍሉ። በየሰፈሩ ለዩት።

ቢሮው ሃያ ሁለት የሚባለው ሰፈር አካባቢ ነው እንበል። 108ቱ ማድረሻ በአራት መስመር እንዲህ ተከፍሏል፦

ቦሌ እና ገርጂ፦ 40 ማድረሻ፣ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ። 10 ሰዓት።
መገናኛ፣ ሲኤምሲ፣ አያት፦ 30 ማድረሻ፣ 22 ደቂቃ። 11 ሰዓት።
ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ኮልፌ፦ 20 ማድረሻ፣ 22 ደቂቃ። 7 ሰዓት ከ20።
ሳሪስ፣ ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ፦ 18 ማድረሻ፣ 30 ደቂቃ። 9 ሰዓት።

ድምሩ 37 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። የዝናብ ቀን ከሆነ ደቂቃዎቹን በሩብ ጨምሩ፣ ከዚያ የራሳችሁን የክረምት መዝገብ ተከተሉ።

የሰፈሮቹን ድርሻ ግን በየቀኑ ለየብቻ ለመገመት አትልፉ። ትንሽ ቁጥር በጣም ይዋዥቃል። ጠቅላላውን ገምቱና ባለፈው ወር በነበራቸው ድርሻ አከፋፍሉት።

አንድ ሞተረኛ በቀን ስንት ሰዓት ያደርሳል? የ8 ሰዓት ፈረቃ ቢኖረው፣ ለመረከብና ለመጫን 30 ደቂቃ፣ ለምሳ 45፣ ለመመለስና ሒሳብ ለማወራረድ 45 ይሄዳል። የቀረው 6 ሰዓት ነው። 37 ሰዓት ከ20 ለ6 ሲካፈል ስድስት ሰውና ትንሽ ፍርፋሪ። ስድስት ሰው ብትመድቡ እያንዳንዱ 13 ደቂቃ ያመሻል፣ ይቻላል። በ134 ዕቃ ስታሰሉት ግን ወደ 42 ሰዓት ይጠጋል፣ ሰባት ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ስድስት ሰው ይጠራል፣ አንድ ተጠባባቂ ይያዛል።

ተጠባባቂው ይከፈለው። ትንሽም ቢሆን የመጠበቂያ ይኑረው። «ስልክህን ክፍት አድርግ» ተብሎ ያለ ክፍያ የሚጠብቅ ሰው የለም፤ ካለም ሌላ ሥራ እየሠራ ነው የሚጠብቃችሁ። የግምታችሁን ስህተት ወጪ ሞተረኛው ላይ መጣል ርካሽ ይመስላል፣ በሦስተኛው ወር ግን ጎበዞቹ ሄደው ታገኛላችሁ።

7. መስመር ስጡ

መስመሩን ለሚያውቀው ሰው ስጡ። ኮልፌ ያደገ ልጅ ኮልፌን ያለ ሎኬሽን ያደርሳል። ግን ሁልጊዜ ቦሌ የሚወጣውና ሁልጊዜ ቱሉ ዲምቱ የሚላከው ሰው ክፍያቸው በዕቃ ቁጥር እኩል ከሆነ ነገ ጠብ አለ። ወይ ሩቁን በተሻለ ዋጋ ክፈሉ፣ ወይ በየሳምንቱ አዙሩ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ማዞር የመስመር እውቀትን ያባክናል።

ከላይ ባለው ምሳሌ ሁለት ሰው ወደ አያት መስመር ይሄዳል። በ11 ሰዓት ሥራ ላይ ትንሽ ክፍተት ስላላቸው በመንገዳቸው ያለውን የገርጂ ማድረሻ ይጨምሩ። አንድ አንድ ሰው ለቦሌ፣ ለኮልፌና ለቃሊቲ። ስድስተኛው ከቢሮው ቅርብ ሆኖ ከቦሌ የተረፈውን፣ የፒያሳንና የሳሪስን ቅርብ ማድረሻዎች ይለቅማል። ይህ ስድስተኛ ሰው ከተማውን በደንብ የሚያውቅ፣ ስልክ ቶሎ የሚያነሳ ይሁን።

ሁሉንም በአንድ ሰዓት አታስወጡ። ሩቅ መስመሮች በማታ የገባውን ዕቃ ይዘው ጠዋት 2፡30 ይውጡ። ቅርቦቹ 4፡30 ይውጡ፤ ሌሊትና ጠዋት የገባውን የሚይዙት እነሱ ናቸው። ከማታ 12 ሰዓት በኋላ የገባ የቱሉ ዲምቱ ዕቃ ለነገ ወዲያ ነው። ይህን ለባለሱቆች በጽሑፍ አሳውቁና ጽኑበት። ለአንድ ወዳጅ ሻጭ አንድ ቀን ከተፈቀደ ሕጉ ፈረሰ።

መርካቶ የሚገባ ሰው በጠዋት ይግባ፣ ከረፈደ ግፊያው ሌላ ነው። የመሥሪያ ቤት ደንበኞችን ከምሳ ሰዓት በፊት ጨርሱ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ብሎክና የቤት ቁጥር ብቻ ሳይሆን «በር ላይ ይወርዳሉ?» የሚለውም ቀድሞ ይጠየቅ። አራተኛ ፎቅ በደረጃ ወጥቶ መውረድ ደቂቃ ነው፣ ሞተሩንም ታች ጥሎ ነው የሚወጣው።

8. የማታና የጠዋት ሥራ

ማታ 12፡30 ላይ ለነገ ደንበኞች አጭር መልእክት ይሂድ፦ ዕቃው፣ ዋጋው ከነማድረሻ ክፍያው፣ የሚደርስበት ሰዓት በግምት፣ «ሎኬሽን ይላኩልን»። መልስ ያልሰጠ ሰው ጠዋት አንድ ጊዜ ይደወልለት። ካላነሳ ዕቃው ሩቅ መስመር ላይ አይጫን። ቅርብ ከሆነ ይጫን፣ መንገድ ላይ ይሞከራል።

ዕቃ በመስመር ተለይቶ ማታውኑ በየኬሻው ይግባ። ላዩ ላይ በማርከር መስመሩና የማድረሻ ተራው ይጻፍ። ሳጥን ሲጫን የመጨረሻው ማድረሻ መጀመሪያ ይገባል። ነዳጅ ማታ ይሞላ፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ከሆነ ማታ ቻርጅ ይደረግ። ጠዋት 2 ሰዓት ማደያ ሰልፍ ላይ ያለ ሞተረኛ በእናንተ ሺት ላይ ሥራ ላይ ነው፣ በእውነቱ ግን የለም። የሞተር ፈቃድና የመንጃ ፈቃድም ይፈተሽ። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ያለ ፈቃድ ሞተር ማንቀሳቀስ አይቻልም፤ አንድ ሞተር ሲያዝ የሙሉ መስመር ዕቃ አብሮ ይታገታል።

9. 6፡30 ላይ አንድ ጊዜ እዩ

በየአሥር ደቂቃው «የት ደረስክ?» እያሉ መደወል ስምሪት አይደለም። እየነዳ ስልክ እንዲያነሳ ማስገደድም አደጋ ነው። 6፡30 ላይ ሁሉም ቆሞ የጨረሰውን ቁጥር በቴሌግራም ግሩፑ ይጻፍ። ያኔ መሆን ካለበት በአምስት ማድረሻ ወደ ኋላ የቀረ ካለ ተጠባባቂው ይውጣ። የሚወሰድለት ከመጨረሻ ያሉት ማድረሻዎች ይሁኑ። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ የታወቀ ማደያ ወይም አደባባይ ይሁን። ለደንበኞቹ የተቀየረውን ሞተረኛ ስልክ ላኩ።

10. የተመለሰው ዕቃና ብሩ

የተመለሰ ዕቃ ሁሉ ምክንያት ይጻፍበት፦ ስልክ አያነሳም፣ ሐሳቡን ቀየረ፣ ብር የለውም፣ አድራሻ ተሳሳተ፣ አልደረስንበትም። «አልደረስንበትም» ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀል። እሱ የደንበኛ ጥፋት ሳይሆን የስምሪት ነው። በድጋሚ የሚወጣው ብቻ በነገው ግምት ላይ ይደመር። ሁለት ጊዜ ወጥቶ የተመለሰ ወደ ሻጩ ይመለስ፣ ሦስተኛ ጊዜ ነዳጅ አትክፈሉበት።

ብር በቴሌብር ወይም በባንክ ሲከፈል የደንበኛ ስክሪንሾት ማረጋገጫ አይሁን። ተቀናብሮ የሚላክ አለ። ገንዘቡ በድርጅቱ ሒሳብ መግባቱን ቢሮ ያለ ሰው አይቶ «ገባ» ሲል ዕቃው ይሰጥ። ይህ ሰው ቶሎ ካልመለሰ ሞተረኛው በር ላይ ቆሞ ይቀራል፤ በየማድረሻው የሚባክነው ሁለት ሦስት ደቂቃ ከላይ ያሰላችሁትን 6 ሰዓት ይበላዋል። ስለዚህ ከስምሪት ኃላፊው የተለየ ሰው ይመደብለት።

11. በሳምንት አንዴ ራሳችሁን መርምሩ

እሑድ ሺቱን ክፈቱ። ለእያንዳንዱ ቀን ከሆነው ላይ የገመታችሁትን ቀንሱ። የፕላስና የማይነስ ምልክቱን ሳታጠፉ አማካዩን አውጡ። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው። ሁልጊዜ ከዜሮ በላይ ከሆነ ሥራው እያደገ ነው፣ እናንተ ግን ወደ ኋላ እያያችሁ ነው፤ ለቅርብ ሳምንታት የበለጠ ክብደት ስጡ። ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ከሆነ ወይ ሥራ እየቀነሰ ነው፣ ወይ የስምሪት ኃላፊው እየፈራ ጨምሮ ይገምታል።

ቀጥሎ ምልክቱን አጥፍታችሁ የልዩነቱን አማካይ አውጡ። ከዚያ ከሰነፉ ዘዴ ጋር አወዳድሩት፦ «ያለፈው ማክሰኞ ስንት ነበር? ይኸው ነው።» የእናንተ ግምት ከዚህ የባሰ ከሆነ ከጨመራችኋቸው ማስተካከያዎች አንዱ እየጎዳችሁ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው በስሜት የተጨመረው የበዓል እጥፍ ነው። አንድ በአንድ እያወጣችሁ ፈትኑ።

ሞተረኛ መቼ ይቀጠር ለሚለውም መልሱ ከዚሁ ሺት ይወጣል። ከበዓልና ከእገዳ ቀናት ውጭ ባሉ ሦስት ተከታታይ ሳምንታት ውስጥ ተጠባባቂው ከግማሽ በላይ በሆኑት ቀናት ከወጣ፣ እሱን ቋሚ አድርጉትና አዲስ ተጠባባቂ ፈልጉ። ያ ሦስት ሳምንት የፋሲካ ወይም የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከሆነ ግን አትቅጠሩ። ለዚያ ጊዜ በቀን የሚከፈለው ሰው ያዙና በዓሉ ካለፈ በኋላ ያሉትን ሁለት ሳምንታት ቁጥር እዩ።